ከሠላሳ ፍቺ አንድ ወንበር

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የሥነ ጽሑፍ መምህርት ነኝ። በሚቀጥለው ወር ከተማሪዎቼ ጋር የሼክስፒርን ‹ማክቤዝ› እናነባለን። ከዚህ በፊት ተውኔት አንብበው አያውቁም። ባለፈው ዓመት ንባቡን ከመጀመራችን በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ሠላሳ የሚሆኑ የቴአትር ቃላት አስተማርኩ። ፈተናውን ጥሩ ሠሩ። ወደ ተውኔቱ ስንገባ ግን ቃላቱን የሚጠቀምባቸው ጠፋ። በቅንፍ ያለውንማ ጭራሽ እየዘለሉት ነው የሚያነቡት። ዘንድሮ ምን ባደርግ ይሻላል? የትኞቹን ቃላት ላስቀድም?»

አይዞዎት፣ እኔም እዚያው ጉድጓድ ገብቼ ወጥቻለሁ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አርባ ቃል ከነፍቺው በሁለት ገጽ አባዝቼ አደልኩ። በሳምንቱ ፈተንኩ። «የጎን ንግግር ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ ልጅ «ተዋናዩ በጎኑ ጋደም ብሎ የሚናገረው» ብሎ መለሰ። ለባልደረቦቼ እያነበብኩ ሳቅሁበት። ማታ ሳስበው ግን ሳቁ ወደ ራሴ ዞረ። ልጁ ምን ያድርግ? ስሙን ሰጠሁት እንጂ ነገሩን አላሳየሁትም። ከስሙ ተነስቶ ገመተ። ግምቱም ቢሆን እንደ ግምት ክፉ አልነበረም።

የትኞቹን ላስቀድም ላሉት አጭሩ መልስ፣ ከንባቡ በፊት ስድስት ይበቃሉ የሚል ነው። መግባትና መውጣት (እንደ አንድ ነው የምቆጥራቸው)፣ የመድረክ መግለጫ፣ ትዕይንት፣ የጎን ንግግር፣ የብቻ ንግግር፣ ከዚያ ደግሞ «ከውስጥ» የምትለዋ ትንሽ ቃል። ሌላው ሁሉ ይቆይ። ጡዘት (የታሪኩ ግጭት ጫፍ የሚደርስበት ቦታ) ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ «ማክቤዝ»ን ማንበብ ይችላል። ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ያላየ ልጅ ግን አይችልም።

ምን ላድርግ ለሚለው መልሱ ረዘም ይላል።

ልብ ወለድ ውስጥ ተራኪ አለ። ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሰማ፣ የማን ፊት እንደተለወጠ እሱ ይነግረናል። ተውኔት ውስጥ ተራኪ የለም። ሥራው የአንባቢው ነው። ልጆቹ ደግሞ ይህን ሥራ እንዲሠሩ የጠየቃቸው ስለሌለ ንግግር ንግግሩን ብቻ እያነሱ ይሮጣሉ። እኔ ሰሌዳው ጥግ ላይ ሦስት ጥያቄ እጽፋለሁ፤ ተውኔቱ እስኪያልቅም አላጠፋቸውም። አሁን መድረኩ ላይ ማን አለ? የሚባለውን ማን ይሰማል? እኛ የምናውቀውን የማያውቀው ማን ነው? ስድስቱም ቃላት ከእነዚህ ጥያቄዎች የሚወጡ መልሶች ናቸው። ጥያቄው የገባው ልጅ ቃሉ ቢጠፋበት እንኳ ነገሩ አይጠፋበትም።

የመጀመሪያውን ቀን በወንበር ይጀምሩት። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ያስጠጉ። መሀል ላይ አንድ ጠረጴዛና ጥቂት ወንበሮች ያድርጉ፤ አንዱን ወንበር ባዶ ይተዉት። ከሦስተኛው ገቢር (ተውኔቱ ከሚከፈልባቸው ትልልቅ ክፍሎች ሦስተኛው) አራተኛው ትዕይንት ላይ የግብዣውን አንድ ገጽ አባዝተው ያድሉ። ከመስጠትዎ በፊት ግን አንድ መስመር ይሰርዙበት። ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገሯቸው፦ ማክቤዝ ንጉሥ ሆኗል፤ ወዳጁን ባንኮን በድብቅ አስገድሎታል። አሁን መኳንንቱን ግብዣ ጠርቷል፤ «ምነው ባንኮ እዚህ በተገኘ» እያለም ያዝናል። ከዚያ ያንብቡ። ተቀመጥ ይሉታል። ማክቤዝ «ጠረጴዛው ሞልቷል» ይላል። አንዱ መኮንን «ይኸው ቦታ ተይዞልዎታል» ይለዋል። ማክቤዝ «የት?» ይላል።

እዚህ ላይ ያቁሙና ይጠይቁ፦ ባዶ ወንበር እያለ ለምን ሞልቷል አለ? መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው። ሰክሯል። አብዷል። ዓይኑ አያይም። አይሟገቷቸው። የሰረዙትን መስመር ሰሌዳው ላይ ይጻፉላቸው፦ «የባንኮ መንፈስ ገብቶ በማክቤዝ ቦታ ይቀመጣል።» አንድ ልጅ፣ ዝምተኛው ቢሆን ይመረጣል፣ ገብቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። አይናገርም፣ ማክቤዝን ብቻ ያያል። ሌሎቹ እንግዶች ልጁን እንዳያዩት ይንገሯቸው። ያንኑ ንግግር እንደገና ያስነብቡ።

አሁን «የት?» የምትለዋ ቃል ስትነበብ ክፍሉ ምን እንደሚሆን ያዩታል። የእኔዎቹ ጸጥ አሉ። ከኋላ ያለችው ልጅ ቆማ ነበር የምታየው። ያኔ ነው ቃሉን የምሰጠው፦ ይቺ የሰረዝኳት መስመር የመድረክ መግለጫ ትባላለች። ፍቺ አላጻፍኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቅንፍ ሲዘለል «መንፈሱን ረሳኸው!» የሚል ጩኸት ከራሳቸው ይነሣል።

ከመሀል መጀመር ታሪኩን አያበላሽም ወይ ይሉ ይሆናል። አያበላሽም። «ማክቤዝ» ገዳዩ ማን ይሆን ብለን የምንጠብቅበት ታሪክ አይደለም፤ ገዳዩን ከመጀመሪያው እናውቀዋለን።

ከቻሉ በዚሁ ወንበር ላይ አንድ ነገር ይጨምሩ። ልጁን ያስነሱትና ትዕይንቱን በባዶ ወንበር ይድገሙት። መንፈሱን ጨርሶ የማያሳዩ አዘጋጆች አሉና። ልጁ ተቀምጦ ሳለ እኛ በማክቤዝ ዓይን ነው የምናየው። ወንበሩ ባዶ ሲሆን በእንግዶቹ ዓይን እናያለን፣ ማክቤዝም ያበደ ሰው ይመስላል። የቱ ይሻላል? እጅ ያስወጡ፤ ይጨቃጨቁ። አዘጋጅ ምን እንደሚሠራና ከጸሐፌ ተውኔቱ በምን እንደሚለይ በዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ ይገባቸዋል። እኔ በበኩሌ መንፈሱ ቢታይ እመርጣለሁ፤ የሼክስፒርም ጽሑፍ ይገባል ነው የሚለው።

ሁለተኛው መግባትና መውጣት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ብዙ የሚያመልጠው ግን እዚህ ነው። አንደኛው ገቢር አራተኛው ትዕይንት ላይ ንጉሥ ዳንከን ስለከዳው የኮውዶር መስፍን ያወራል። የሰውን ልብ ከፊቱ ላይ ማንበብ የሚያስችል ጥበብ የለም፤ ያን ሰው ፍጹም አምኜው ነበር ይላል። ልክ እዚያ ላይ መግለጫው ማክቤዝ ይገባል ይላል። ዳንከንም ዞር ብሎ እጅግ የተከበርክ ዘመዴ ሆይ እያለ ይቀበለዋል። የከሃዲውን ማዕረግም የሰጠው ለዚሁ ለማክቤዝ ነው። እኛ ማክቤዝ ንጉሡን ስለ መግደል እያሰበ እንደነበረ ከቀደመው ትዕይንት እናውቃለን፤ ዳንከን አያውቅም። ምጸቱን የሠራው ንግግሩ ብቻ አይደለም፤ «ይገባል» የምትለዋ ቃል ናት። ቃሏን የዘለለ ልጅ ምጸቱን በምንም ፍቺ አያገኘውም። ለዚህ ልምምድ በር ያስፈልጋል፤ የክፍሉን በር ይጠቀሙ። ማክቤዝ የሆነው ልጅ ውጭ ይጠብቅ፤ ዳንከን «ፍጹም አምኜው ነበር» ሲል በሩን ከፍቶ ይግባ። ሳቁን ይጠብቁ። ድራማዊ ምጸት የሚለውን ቃል ከሳቁ በኋላ ያምጡት።

አሁን ወደ ጎን ንግግር። ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ፍቺ «ሌሎች ተዋንያን የማይሰሙት፣ ተመልካች የሚሰማው ንግግር» ነው። ልክ ነው። ግን ልጆቹ ይህን ይዘው መድረክ ሲወጡ ምን ያደርጋሉ? አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ እንደ ሐውልት ደርቀው ይጠብቁታል። አንደኛው ገቢር ሦስተኛው ትዕይንት ይህን ያስተካክላል። መድረኩ ላይ አራት ሰዎች አሉ። ማክቤዝ የኮውዶር መስፍን መሆኑን ገና አሁን ነግረውታል፤ ጠንቋዮች የኮውዶር መስፍን፣ ከዚያም ንጉሥ ትሆናለህ ብለውት ነበርና ትንቢታቸው መድረስ ጀመረ ማለት ነው። ለራሱ «ትልቁ ገና ይመጣል» ይላል፣ ወዲያው ዞር ብሎ መልእክተኞቹን ያመሰግናል፣ ተመልሶ ደግሞ ለራሱ ያወራል። አንድ ሰው በአንድ እስትንፋስ ሁለት ቦታ ነው። እዚህ ላይ ባንኮ አንድ ነገር ይላል፦ ጓደኛችንን እዩት፣ በሐሳብ ተወስዷል።

ይህን መስመር እወደዋለሁ። ባንኮ የማክቤዝን ቃል አልሰማም፤ ፊቱን ግን አይቷል። ስለዚህ የጎን ንግግር ላልሰማው ሰው ምንም ያልሆነ ነገር አይደለም። እሱ የሚያየው ዝም ብሎ የፈዘዘ ሰው ነው። ትንሽ ቆይቶ ማክቤዝ ይቅርታ ይጠይቃል፦ የረሳሁት ነገር ትዝ ብሎኝ ነው ይላል። ውሸቱን ነው! ምን ሲያስብ እንደነበር እኛ በጆሯችን ሰምተናል። በተውኔቱ ውስጥ ማክቤዝ ሲዋሽ ዓይናችን እያየ የያዝነው እዚህ ነው፤ የያዝነውም የጎን ንግግሩን ስለሰማን ነው። ልጆቹ ይህን እንዲሠሩት ያድርጉ። ሦስቱ በዝምታ ያውሩ እንጂ አይድረቁ። ባንኮ የሆነው አልፎ አልፎ ቀና ብሎ ማክቤዝን ይመልከት። በጎኑ ጋደም ያለ ተዋናይ እንዳይመጣብዎት ዋስትናው ይሄ ነው።

የብቻ ንግግር ከዚህ የሚለየው በአንዱ ጥያቄ ብቻ ነው፦ መድረኩ ላይ ማን አለ? ከተናጋሪው ሌላ ማንም የለም። የሁለተኛው ገቢር የመጀመሪያ ትዕይንት ላይ ማክቤዝ መጀመሪያ አሽከሩን ይልከዋል፤ መጠጤ ሲዘጋጅ እመቤትህ ደወል ትደውል በላት፣ ከዚያ ተኛ ይለዋል። አሽከሩ ይወጣል። ያቺ «ይወጣል» ናት ንግግሩን የብቻ ያደረገችው። ከዚያ የታወቀው የጩቤ ንግግር ይመጣል። ልጆቹን ይጠይቁ፦ መድረኩ ላይ ስንት ጩቤ አለ? አየር ላይ የሚያየው አንዱ የለም። ግን ማክቤዝ «አሁን እንደመዘዝኩት እንደዚህኛው ጩቤ ቁልጭ ብለህ ትታየኛለህ» የሚል ነገር ይናገራል። ይኸውልዎት፤ በቅንፍ ያልተጻፈ የመድረክ መግለጫ ንግግሩ ውስጥ ተደብቋል። ተዋናዩ እዚህ ላይ የራሱን ጩቤ መምዘዝ አለበት። ይህን ካገኙ በኋላ የቤት ሥራ ይስጧቸው፦ ንግግር ውስጥ የተደበቁ ሦስት መግለጫዎች ፈልጉ። አዳኝ ይሆናሉ። ከግብዣው ትዕይንት ላይ ማክቤዝ መንፈሱን «በደም የተነከረ ፀጉርህን አትነቅንቅብኝ» እንደሚለው ያገኛሉ፤ መንፈሱ ምን እያደረገ እንደሆነ በዚህ ይታወቃል።

መነባንብ የሚለውን ቃል ከብቻ ንግግር ጋር የሚያቀላቅሉ አሉ፤ መጻሕፍትም ያቀላቅሉታል። እኔ አንድ ሰው ረጅም ሰዓት የሚናገረውን ሁሉ መነባንብ እለዋለሁ፣ የሚሰማው ኖረም አልኖረም። ማንም ከሌለ የብቻ ንግግር ነው። በዚህ ላይ ጊዜ አያጥፉ።

ትዕይንት ላይ ግን አንድ ደቂቃ ይቁሙ። ልጆቹ ቦታ ወይም ጊዜ ሲለወጥ ትዕይንት ይለወጣል ይላሉ። ለሼክስፒር መድረክ የሚሠራው መለኪያ ሌላ ነው፦ ሁሉም ወጥተው መድረኩ ባዶ ከሆነ ትዕይንቱ አለቀ። ማክቤዝ ደወሉን ሰምቶ ይወጣል፤ መድረኩ ባዶ ይሆናል፤ ሚስቱ ሌዲ ማክቤዝ ትገባለች። ንጉሡ የሚገደለው ማክቤዝ ከዓይናችን ርቆ ሳለ ነው። በተውኔቱ ውስጥ ከሁሉ የከፋውን ነገር አናየውም። ከዚያ በር ይንኳኳል፤ መግለጫው «ከውስጥ» ይላል። ልጆቹ ቤት ውስጥ ማለት ይመስላቸዋል። ከመድረኩ ጀርባ፣ ከተመልካች ዓይን ውጭ ማለት ነው። ባልና ሚስቱ እጃቸው ደም በደም ሆኖ ሳለ ይንኳኳል። እነሱ ከወጡ በኋላም ይንኳኳል፤ ትዕይንቱ ተቀይሮ በረኛው ሲገባም ይንኳኳል። አንድ ልጅ ኮሪደር ላይ አቁመው በሩን ያስንኳኩት፣ ቶሎ እንዳያቆምም ያስጠንቅቁት። ባዶው መድረክ ጊዜውን እንዳልቆረጠው በጆሯቸው ይሰሙታል።

መድረኩን ራሱን ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ይበቃል። በ1599 የተሠራው የሼክስፒር ቡድን መጫወቻ፣ ግሎብ ቴአትር፣ መሀሉ ጣሪያ አልነበረውም። ትርኢቱ ከሰዓት በኋላ በቀን ብርሃን ይታይ ነበር። የመድረክ መብራት የለም፣ የፊት መጋረጃም የለም። ታዲያ ግማሹ ሌሊት የሆነ ተውኔት እንዴት ይጨልማል? በቃልና በችቦ። ከጩቤው ንግግር በፊት ባንኮ ሌሊቱ ምን ያህል ሄደ ብሎ ልጁን ይጠይቃል፤ ልጁም ጨረቃ ጠልቃለች ይለዋል። ችቦም ይዘዋል። ፀሐይ አናቱ ላይ እየወረደች ተመልካቹ ሌሊት ነው ብሎ ይቀበላል። ሴቶቹን የሚጫወቱት ደግሞ ወንድ ልጆች ነበሩ። ይህን ሲነግሯቸው የሚፈጠረውን ሁካታ ቀድመው ይዘጋጁበት።

የመድረክ ቀኝና ግራ ከተመልካች ሳይሆን ከተዋናዩ አንጻር ነው። ይህ የሚያስፈልገው ልጆቹ ተውኔቱን በእርግጥ የሚሠሩት ከሆነ ብቻ ነው። ለንባብ አያስፈልግም፤ ከሠላሳው ውስጥ ያለ ሐዘን ይሰርዙት።

ስለ ጡዘት፣ ስለ ልቀት (ግጭቱ ስለሚፈታበት ክፍል)፣ የታሪኩን መውጣትና መውረድ ስለሚያሳየው ስለዚያ ፒራሚድ መሳይ ሥዕል ልምከርዎት። ሥዕሉ የጀርመናዊው ጉስታፍ ፍራይታግ ነው፤ በ1863 ነው ያወጣው። «ማክቤዝ» ከተጻፈ 250 ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ቀድመው ከሰጧቸው ልጆቹ ተውኔቱን ማንበብ ትተው ጫፉን ፍለጋ ይሄዳሉ። ሦስተኛውን ገቢር ጨርሰው ይስጧቸው። ያኔ ጥያቄው ይጣፍጣል፦ ጡዘቱ የዳንከን ግድያ ነው ወይስ ያ ወንበር? የሚከራከሩት ያነበቡትን ይዘው ነው። የአርስቶትል ሐማርትያም (ባለታሪኩን ለውድቀት የሚዳርገው ነገር) እንዲሁ ይቆይ። ከቻሉ «የባሕርይ እንከን» ብለው አይተርጉሙት፤ የግሪኩ ቃል ስሕተት፣ ዒላማ መሳት ወደሚለው ያዘነብላል። «እንከኑ ሥልጣን ወዳድነት ነው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ማሰብ እዚያው ላይ ያቆማል። ማክቤዝ ሳተ ወይስ እያወቀ ገባ ብለው ቢጠይቁት ግን ገና ይጀምራል።

ቃላቱን በየትኛው ቋንቋ ልበላቸው የሚል ጥያቄም ሳይኖርዎት አይቀርም። አማርኛው ካለ በአማርኛው ይጀምሩ። መቼት የሚለውን ይውሰዱ፤ «መቼ» እና «የት» ተጋጥመው የወጣ ቃል ነው። ፍቺው ራሱ ቃሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማሸምደድ አያሻም። ገቢርና ትዕይንትም እንዲሁ ከማድረግና ከማየት የመጡ ናቸው። አማርኛው ያልለመደላቸውን ደግሞ እንደ ኮረስ (በግሪክ ተውኔት በአንድነት የሚናገርና የሚዘምር ቡድን) እንዳሉ ይጥሯቸው።

ኮረስ ካልኩ አይቀር፣ በሚቀጥለው ዓመት ተውኔቱ ቢቀየርብዎት ስድስቱ ቃላትም ይቀየራሉ። ለሶፎክልስ «ንጉሥ ኤዲፐስ» ኮረስና መልእክተኛ ግድ ይላሉ፤ እዚያም ከባዱ ነገር የሚፈጸመው ከዓይን ውጭ ሆኖ በአንድ ሰው አፍ ነው የሚነገረን። ለኢብሰን «የአሻንጉሊት ቤት» (1879) ደግሞ የመድረክ መግለጫው አንቀጽ አንቀጽ ያህላል። የክፍሉ ዕቃና በሮቹ ሁሉ ተቆጥረው ተቀምጠዋል። እዚያ ልጆቹ የክፍሉን ካርታ ይሣሉ። ዝርዝሩ ከተውኔቱ ይውጣ እንጂ ተውኔቱን ከዝርዝሩ ሥር አያስገቡት።

የቀረው ፈተናው ነው። ባለፈው ዓመት ጥሩ ሠሩ ያሉት ፈተና ፍቺ የጠየቀ ይመስለኛል። እኔ አሁን አንድ ገጽ ብቻ እሰጣለሁ፤ የአምስተኛው ገቢር መጀመሪያ። ሌሊት ነው። ሌዲ ማክቤዝ ሻማ ይዛ ትገባለች። ተኝታ ነው የምትሄደው። እጇን ታሻሻለች፤ የደሙን እድፍ ውጣ ትለዋለች። አንድ ሐኪምና አንዲት ደንገጡር ቆመው ያዩዋታል። እሷ አታያቸውም። ጥያቄው፦ ይህ የብቻ ንግግር ነው?

መድረኩ ላይ ሰው ስላለ አይደለም የሚሉ ይኖራሉ። እሷ ብቻዋን ስለሆነች ነው የሚሉም ይኖራሉ። ሁለቱም ሦስቱን ጥያቄዎች ተጠቅመው ከመለሱ ሙሉ ማርክ እሰጣለሁ። ባለፈው አንዲት ልጅ ግን ወረቀቷ ላይ ሌላ ነገር ጻፈች፦ «የጎን ንግግር ሌሎቹ የማይሰሙት ነው። ይሄ ግን የተገለበጠ ነው። ሌሎቹ ይሰማሉ፣ ሐኪሙ እንዲያውም ይጽፈዋል። የማትሰማው ተናጋሪዋ ናት።» ለዚህ የተሰጠ ስም የለንም አልኳት። እሷ ግን ኅዳጉ ላይ ስም አውጥታለታለች፦ «የእንቅልፍ ንግግር»።